የእናቴ ኮክም ይታመማል

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ስድስት ሰው በቴሌግራም ላከልኝ። የመጀመሪያዋ አክስቴ ናት። «አንተን ነው የሚሰድበው፣ እየው» ብላ ነው የላከችው። ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው። አንደኛው ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጨምሮበታል። ይኼ ሰው ባለፈው ሰኔ ወር ላይ ሦስት የጽጌረዳ ችግኝ የሸጥኩለት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ግን ራሴን ላጋልጥ። ጎንደር ውስጥ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የችግኝ ቦታ አለኝ። ጽጌረዳ፣ ኮክ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ እሸጣለሁ። ስለ ችግኝ የምለውን ሁሉ «ነጋዴ ነው» ብላችሁ ዋጋውን ብትቀንሱበት አልቀየምም።

የጽሑፉ ርዕስ «‹የማይታመም ችግኝ› የሚባል ማታለያ» ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም። የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። አያቶቻችን የተከሉት ተክል በሽታ አያውቅም ነበር፤ በሽታን ያመጣብን «የተሻሻለ» የተባለው ነው። በሽታ ይቋቋማል የሚባለው ተክል ላብራቶሪ ውስጥ ዘረመሉ የተነካካ ነው። መቋቋሙም ሁለት ሦስት ዓመት አይዘልቅም። ርካሽና አስተማማኝ መድኃኒት እያለ ደግሞ ሃያ ዓመት የሚፈጅ ማዳቀል ለምን ያስፈልጋል? በዚያ ላይ የሚቋቋሙት ዝርያዎች አበባቸው አይሸትም፣ ፍሬያቸው አይጣፍጥም። በመጨረሻም ሕዝብ እየተራበ ስለ ጽጌረዳ በሽታ ማውራት ቅንጦት ነው። መደምደሚያቸው «የገዛችሁትን ነቅላችሁ የአያታችሁን ትከሉ» የሚል ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ነባር ዘር ከእጃችን እየወጣ ነው ያሉት ደግሞ እውነት ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ጠባችን ሌላው ላይ ነው።

ከአያቶቻችን ተክል ልጀምር። ሎዛ ማርያም አካባቢ እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ ኮክ አለ። አያቴ በልታ ከጣለችው ፍሬ የበቀለ ነው። ምርጥ ዘር የሚባል ነገር አጠገቡ ደርሶ አያውቅም። ቅጠል በሚያወጣበት ሰሞን ዝናብ ካገኘው ግን ጉዱን ታያላችሁ። ለጋው ቅጠል ይወፍራል። ከዚያ ይቀላል፣ እሳት እንደነካው ቆዳ ይጨማደዳል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ያወጣና ይረግፋል። ዛፉ ሁለተኛ ቅጠል ሲያወጣ ጉልበቱ ያልቅና በዚያ ዓመት ፍሬ የለም። ቅጠል የሚያጨማድድ ፈንገስ ነው። አያቴ «ዓይን በልቶት ነው» ብላ ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራበት ነበር። በሽታው ነበር ማለት ነው። ያልነበረው «ፈንገስ» የሚለው ስም ነው።

ስም እንኳ አልነበረም ማለት አይቻልም። «ዋግ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ገበሬው ስንዴው ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት ሲያይ «ዋግ መታው» የሚለው ምርጥ ዘር ከመምጣቱ በፊት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ እንኳ ዋግና አረማሞ ከረሃብና ከአንበጣ ጋር ተደርድረዋል።

ትልቁ ማስረጃ ግን ቡና ነው። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴውን ፍሬ ሳይበስል አጥቁሮ የሚያደርቅ ፈንገስ ነው። መጥቶ ያገኘው ማንን ነበር? የአያቶቻችንን ቡና ነዋ! ያኔ የተሻሻለ ቡና የለም። ያው ነባሩ ቡና ነው ጠቁሮ የረገፈው።

የጅማ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ለዚህ ክርክር ሁሉ መልስ ይሆናል። ጫካና ማሳ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠቁሮ እሱ ብቻ ጤነኛ የሆነ ዛፍ ፈለጉ። ዘሩን ወስደው ችግኝ አፈሉ። ሆን ብለው በሽታውን አስነኩት። የወደቀውን ጣሉ፣ የቆመውን አስቀሩ። 741፣ 74110፣ 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የመጡት በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለችው 74 የተመረጡበት ዓመት ናት፤ እ.ኤ.አ. 1974። እንግዲህ ይኼ ቡና የማን ነው? የአያቶቻችን ነው። የተሻሻለም ነው። ጸሐፊው እንደ ሁለት ጠላት ያቆሟቸው ነገሮች እዚህ አንድ ዛፍ ላይ ተገናኝተዋል።

«ድሮ ግን እንዲህ አናይም ነበር» የሚል ሰው አለ። እናቴም ትላለች። የታመመው ችግኝ በልጅነቱ ይሞት ስለነበር ዛሬ ቆሞ የምናየው የተረፈው ብቻ ነው። ስለሞተው ማን ያወራል? ሌላም ምክንያት አለ። ድሮ አንድ ማሳ ላይ የሚዘራው ቅይጥ ነበር። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። ጸሐፊው ይኼን ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው አጨበጭብ ነበር።

እዚህ ላይ ለእሳቸው የሚመች አንድ ማስረጃ ራሴ ላቀብላቸው። ፈረንሳዊው አዳቃይ ጆሴፍ ፔርኔ-ዱሼ እ.ኤ.አ. በ1900 «ሶሌይ ዶር» የተባለች ጽጌረዳ አወጣ። ቢጫ ቀለሟን ያገኘው ከፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ነው። ቀለሙ ብቻውን አልመጣም፤ ለጥቁር ነጥብ በሽታ መሸነፍም አብሮት ገባ። ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ ቢጫና ብርቱካንማ ጽጌረዳዎች ከዚያ የወረዱ ናቸው። አዳቃዮች ለመልክ ብለው በሽታ ያስገቡበት ጊዜ አለ፤ አልክድም።

ውጤቱን እኔ ቦታ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ሁለት ጽጌረዳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷ ቢጫ ናት። ሐምሌ ሲጋመስ የታችኛው ቅጠሏ ላይ ጠርዙ እንደተቀደደ ወረቀት የሆነ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እሾህና እንጨት ብቻ ትቀራለች። ሁለተኛዋ ያው ዝናብ እየወረደባት ጥቂት ቅጠል ብቻ ጥላ ትከርማለች። ይኼ ፈንገስ ቅጠል ውስጥ ለመግባት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያህል ያልደረቀ ቅጠል ይፈልጋል። የጎንደር ክረምት ደግሞ ሰባት አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሰጠዋል። ያው አፈር፣ ያው ውሃ፣ ያው እጅ ነው። የሚለያዩት በዘራቸው ነው።

የላብራቶሪውን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ጥፋቱ የቃል ስለሆነ። እኛ አገር «የተዳቀለ» የማይባል ነገር የለም። ቅርንጫፉ ሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ ማንጎም የተዳቀለ ነው። ከሁለት ወላጅ የተገኘ በቆሎም የተዳቀለ ነው። ዘረመሉ በላብራቶሪ የተለወጠውንም ሰው እዚያው ውስጥ ይከተዋል። ሦስቱ ምንም አይገናኙም። ጽጌረዳ ማዳቀል ማለት እምቡጡ ሳይፈነዳ የአበባውን ቅጠል መላጥ፣ ወንዴውን በመቆንጠጫ መልቀም፣ የሌላ አበባ ብናኝ በትንሽ ብሩሽ መቀባት፣ ከዚያ በወረቀት መሸፈን ነው። ንብ በየቀኑ የምትሠራውን በእጅ መሥራት ነው። ዊልያም ራድለር የሚባል አሜሪካዊ በዚህ መንገድ «ኖክ አውት» የተባለችውን ጽጌረዳ አወጣ። ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሰውየው የታመመ ቅጠል ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ የገዛ ችግኞቹ ላይ ይነሰንስ ነበር። ከዚያ ከላይ ውሃ ያዘንብባቸዋል። እኛ በሽታ ስናይ እንሸሻለን፤ እሱ እንደ በርበሬ ይፈጨዋል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊው በደንብ ይዘውኛል። መቋቋም ይሰበራል፤ እውነት ነው። ዲጋሉ የተባለውን ስንዴ የዘራ ሰው ያውቀዋል። ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ገደማ ባሌ ላይ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ አጋደመው። አፕልም እንዲሁ ነው። ቅጠሉንና ፍሬውን ቅርፊት የሚያስመስል «ስካብ» የሚባል ፈንገስ አለው። አሜሪካኖች ፍሬዋ ከሽምብራ ብዙም ከማይበልጥ፣ ለጌጥ ከምትተከል ዱር አፕል መቋቋሚያውን ወስደው ደጋግመው አዳቀሉ። «ፕሪማ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጣች። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ አውሮፓ ውስጥ ፈንገሱ መንገዱን አገኘ።

ይሁን እንጂ ለምን ተሰበሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአፕሉ መቋቋሚያ የተንጠለጠለው አንድ ዘረመል ላይ ነው። አንድ ጓጉንቸር እንደማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጓጉንቸር ከገዛ ሌባው አንድ ቁልፍ ቢያስቀርጽ ይበቃዋል። መፍትሔው ግን በሩን ክፍት አድርጎ መተኛት አይደለም። ሁለት ሦስት ጓጉንቸር መደራረብ ነው፤ ወይም ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየ መግዛት። አዳቃዮች አሁን ብዙ መቋቋሚያ አንድ ተክል ላይ ለመሰብሰብ የሚደክሙት ለዚህ ነው።

«ሁለት ሦስት ዓመት» የሚለው ቁጥር ግን ከየት መጣ? ቡናውን አይተናል፤ ከ1974 ምርጫ የመጡት ዝርያዎች ዛሬም ይተከላሉ። ገብሱ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ የኛ ስለሆነ።

ገብስ ቅጠሉ ላይ አመድ የነፉበት የሚያስመስል ፈንገስ አለበት። አውሮፓውያን ለቢራ የሚዘሩትን ገብስ ለረጅም ጊዜ ሲያሰቃይ ኖሯል። አንድ መቋቋሚያ ያወጣሉ፣ ፈንገሱ ይሰብረዋል፤ ሌላ ያወጣሉ፣ ይሰብረዋል። ልክ ጸሐፊው እንዳሉት። እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ግን ጀርመኖች ከኢትዮጵያ ነባር ገብስ ሰብስበው ወስደው ነበር። ከዚያ ውስጥ የማይበገር ተገኘ። መቋቋሚያው «ኤምኤልኦ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የአውሮፓ የበልግ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቷል። ይኸው ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፣ እስካሁን አልተረታም። የጀርመን ቢራ ከእኛ ደጋ የሄደ ገብስ ባለውለታ ነው እላለሁ፤ አንድ ጠርሙስ የላከልን ግን የለም።

ጸሐፊው ይኼን ሲያነቡ «እኔስ ምን አልኩ? የአያቶቻችን ዘር ይሻላል አላልኩም?» ይሉ ይሆናል። ብለዋል። ያ ገብስ ግን እዚህ ማሳ ላይ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሲኖር ማንም ለይቶ አላወቀውም። የለየው፣ ያዳቀለው፣ ለሌላው ገብስ ያካፈለው አዳቃይ ነው። አዳቃዩም ቢሆን ነባሩ ገብስ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ግን ልቀበልላቸው። «አይታመምም» ብሎ ችግኝ የሚሸጥ ሰው ይዋሻል። «ይቋቋማል» ማለት ሌላው ሲወድቅ እሱ ቆሞ ይከርማል ማለት ነው። ርዕሳቸው ላይ ያለውን «የማይታመም» የሚለውን ቃል ያመጣው እንደኔ ያለ ሻጭ ሊሆን ይችላል፤ ወቀሳውን እንካፈለዋለን።

መድኃኒቱስ? መድኃኒት አልጠላም። ችግኞቼ ላይ መዳብ ያለበትን አንዳንዴ እረጫለሁ። ያ መድኃኒት ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች መንገድ ዳር ያለ ወይናቸውን መንገደኛ እንዳይሰርቀው መዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው ይቀቡት ነበር። ሚያርዴ የሚባል ምሁር ያ የተቀባው ወይን ከበሽታ መትረፉን ልብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ለዓለም አሳወቀው። ሌባ ለማባረር የተቀባ፣ ፈንገስ አባረረ።

ችግሩ «መድኃኒት ካለ ሌላው ለምን?» የሚለው ላይ ነው። ጎንደር ሐምሌ ላይ ጠዋት የረጩትን ከሰዓት የሚወርደው ዝናብ ያጥበዋል። እንደገና መርጨት፣ እንደገና መክፈል ነው። ጸሐፊው መቋቋም ይሰበራል ብለው ፈሩ፤ መድኃኒትም እኮ ይሰበራል። ስትሮቢሉሪን የሚባሉት ፀረ-ፈንገሶች እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ሲገቡ ትልቅ ተስፋ ነበሩ። በ1998 ጀርመን ውስጥ የስንዴው አመድ መሰል ፈንገስ ለመዳቸው። ሁለት ዓመት! የጸሐፊው «ሁለት ሦስት ዓመት» የሚስማማው ለዚህ ነው።

አረጫጨታችንንም እንይ። አንድ ደንበኛዬ ግቢ የቀጠረኝ ቀን በዓይኔ ያየሁት ነው። መድኃኒቱን የገዛው ወረቀት በሌለው የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶለት ነው። ልኩን ማን ይንገረው? በባልዲ በጥብጦ፣ የሳር መጥረጊያ እየነከረ ጽጌረዳው ላይ ይረጨዋል። ጓንት የለም፣ አፉ ላይ ጨርቅ የለም። ነፋሱ ጠብታውን ወደ ማድ ቤት ይወስደዋል። እዚያ ሚስቱ እንጀራ እየጋገረች ናት። ይኼ ነው «ርካሹና አስተማማኙ» መንገድ?

ሃያ ዓመት ይፈጃል ያሉት ግን ልክ ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ስለዚህ ነው ትናንት መጀመር የነበረበት።

ስለ ጠረን ግማሹን እቀበላለሁ። ኖክ አውት እምብዛም አትሸትም። ጠረን የጠፋው ግን በሽታ በመቋቋም አይደለም። ለሽያጭ የሚቆረጠው ጽጌረዳ ሲዳቀል የታየው የግንዱ ርዝመትና የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው። ጠረኑን ማንም አልጠየቀም፤ ስለዚህ እየቀረ ሄደ። ማስረጃ ከፈለጉ «ሩጎሳ» የሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ጽጌረዳ አለ። ጥቁር ነጥብን ከብዙዎቹ በላይ ይቋቋማል፤ ጠረኑም ቤት ይሞላል። ጀርመኖች ጽጌረዳ የሚፈትኑበት አሠራር አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲፈትኑ ፀረ-ፈንገስ መርጨት ከልክለዋል። ያለመድኃኒት የቆመችው፣ አበባዋም ያማረችው ታልፋለች። የጣዕሙን ነገር ደግሞ ቡናው ይመልስላቸው።

ቅንጦት ላሉት ብዙ የምለው የለኝም። የተራበ ሰው ጽጌረዳ አይበላም። ግን ስንዴ ላይ የሚሠራውና ጽጌረዳ ላይ የሚሠራው ዕውቀት አንድ ነው። ደግሞ ጽጌረዳ ሸጦ ልጅ የሚያስተምር ሰው አለ፤ አንዱን አውቀዋለሁ፣ በየጠዋቱ ፊቱን እላጨዋለሁ።

«ነቅላችሁ ትከሉ» የሚለውን ምክር ግን እባካችሁ አትስሙ። ለዚያ «እውነት ነው እንዴ?» ላለኝ ደንበኛዬ የመለስኩለት ይኼን ነው። ከሦስቱ አንዷ ነጥብ አውጥታለች። የረገፈውን ቅጠል ጠርገህ አቃጥል፣ ውሃውን ከሥር አጠጣ፣ ማታ ማታ ቅጠሉን አታርስ አልኩት። ሁለቱ ደህና ናቸው።

እኔም የአያቴን አልጣልኩም። አጥራችን ላይ ቀጋ አለ። ልጅ ሆነን ፍሬውን የምንለቅመው፣ ልብሳችንን የሚቀድደው ያ ቀጋ። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ የራሱ ብሎ የሚቆጥረው ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ዘንድሮ ሐምሌ ሙሉ እየዞርኩ አየሁት፤ አንድ ጥቁር ነጥብ አላገኘሁበትም። አምና ብናኙን ወስጄ ያቺ ነሐሴ ላይ ራቁቷን የምትቀረው ቢጫ ላይ ቀባሁ። አራት ፍሬ ያዘች። ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ስድስት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ብርድ ካላየ አይበቅልም። እናቴ የሆነ መድኃኒት መስሏት ሁለት ጊዜ ልትጥለው ነበር።

ሁለት በቀሉ። አንዷ በሐምሌ ነጥብ አወጣች፣ ነቀልኳት። ሌላዋ አሁን ቁመቷ ስንዝር ሆኗል። ቅጠሏ ንጹሕ ነው፣ እሾኋ የአባቷ ነው። ገና አላበበችም።